እጁን ስናወድስ ሸማኔውን ረሳን

የሐበሻ ልብስ ሱቅ ገብቶ «ይሄ የእጅ ነው የማሽን?» ብሎ የማይጠይቅ ገዢ ጥቂት ነው። ሻጩም መልሱን ከጥያቄው በፊት አዘጋጅቶ ይጠብቃል፤ «የእጅ ነው እንጂ!» ይላል። ገዢው ጨርቁን በጣቶቹ መሃል አሸት አሸት አድርጎ ራሱን ይነቀንቃል፤ ከዚያ ወደ ዋጋ ክርክሩ ይገባል። ምልልሱ እንደ ሰላምታ የተለመደ ስለሆነ ከዚያ አልፎ የሚጠይቅ የለም። ውስጡ ግን ሰፊ እምነት ተጠቅልሏል፤ እጅ የነካው ሁሉ እውነተኛ፣ ማሽን የነካው ሁሉ ሐሰተኛ ነው የሚል እምነት። ባህል ይጠበቅ የሚለው ሰው ያምነዋል፣ ነጋዴው ዋጋ ስለሚጨምርለት ይደግፈዋል፣ በውጭ አገር የሚኖረውም ወገን ናፍቆቱን ስለሚያሳርፍበት ይወደዋል። ሁሉም የተስማማበትን ነገር መንካት ደስ አይልም፤ ቢሆንም ይህ እምነት የጨርቁን አሠራር አያውቅም፣ ታሪኩን አያስታውስም፣ ከሁሉ የሚከፋው ደግሞ እጠብቀዋለሁ የሚለውን ሸማኔ ራሱን ይጎዳል።

ከጨርቁ እንጀምር። ጨርቅ ማለት ድርና ማግ ነው። ድሩ በቁመት ይወጠራል፤ ማጉ በመወርወሪያ ተጭኖ አግድም እየተመላለሰ ይገባል። በጥሩ ነጠላና በጥሩ ጋቢ ላይ ማጉ ዛሬም በእንዝርት የተፈተለ ሊሆን ይችላል። ድሩ ግን ብዙውን ጊዜ ከፋብሪካ የወጣ ነው። ካለፈው ምዕተ ዓመት መጀመሪያ አንሥቶ የህንድ ክር በወደብ በኩል ይገባ ነበር፤ በኋላም በጣሊያን ወረራ ዘመን እ.ኤ.አ. በ1939 የተቋቋመው የድሬዳዋ ጥጥ ፋብሪካና በ1961 ሥራ የጀመረው የባሕር ዳሩ ተጨመሩ። ምክንያቱ የስንፍና አይደለም። ድር ቀኑን ሙሉ ተወጥሮ ሲጎተትና ሲፈተግ የሚውል ስለሆነ የማይበጠስ፣ ውፍረቱም ወጥ የሆነ ክር ይፈልጋል፤ ይህን ደግሞ ማሽን በርካሽ ይሰጣል። የጥለቱ ባለ ቀለም ክርም በፋብሪካ የተነከረ ነው፤ ወርቀ ዘቦውም እንዲሁ። ማጉ ጭምር የፋብሪካ ክር የሆነባቸው ዓይነቶች ደግሞ ገበያውን ከሞሉት ቆይተዋል። እንግዲህ «ሙሉ በሙሉ የእጅ ሥራ ነው» ተብሎ የሚሸጠው ነጠላ አብዛኛውን ጊዜ ቢያንስ ድሩ፣ አንዳንዴም ማጉ ጭምር፣ በማሽን የተፈተለ ነው። ሸማኔው ይህን ያውቃል፤ ክሩን የሚገዛው እሱ ነውና። የማያውቀው አድናቂው ነው።

እዚህ ላይ ብዙም የማይነሳ ጉዳይ አለ። በጨርቅ ሥራ ውስጥ የእጅ ድካም የሚበዛው መፍተል ላይ ነው እንጂ ሽመና ላይ አይደለም። ጥጡ ከፍሬው ይለያል፣ በደጋን ይነደፋል፣ ባዘቶ ይሆናል፣ በእንዝርት ይሾራል፣ ልቃቂት ሆኖ ይጠቀለላል፤ ይህ ሁሉ ሸማኔው ደጅ ከመድረሱ በፊት ያለቀ ሥራ ነው። ማሽን ባልገባበት ዘመን በእንግሊዝ፣ ከእንዝርት እጅግ የሚፈጥነውን መፍተያ መንኮራኩር ይዘው እንኳ፣ አንድን ሸማኔ በክር ለማጥገብ አራትና ከዚያ በላይ ፈታዮች ያስፈልጉ ነበር። በእንዝርት ሲሆን ቁጥሩ ከዚያ እንደሚበልጥ መገመት አይከብድም። በእኛ አገር የምትፈትለው ሴት ናት፤ የሚሸምነው ወንድ። የፋብሪካ ድር ሲገባ የተተካው እንግዲህ የእናቶችና የአያቶች እጅ ነው፤ በሰዓት ቢቆጠር ከሸማኔው ሥራ የሚበልጥ ሥራ። ያኔ «ባህል ጠፋ» ብሎ የጮኸ የለም፤ ፈትሉ ከገበያው ሲቀንስ ነጠላው «የእጅ ሥራ» መባሉን አላቋረጠም። መስመሩ የተሰመረው በመርህ ቢሆን ኖሮ እንዝርቱ ላይ በተሰመረ ነበር። መወርወሪያው ላይ መሰመሩ የሚነግረን፣ የትኛው እጅ እንደሚታየንና የትኛው እንደማይታየን ብቻ ነው።

አድናቆቱ ራሱም ዕድሜው አጭር ነው። ለብዙ ዘመን በዚህ አገር ሸማኔ የሚከበር ሰው አልነበረም። ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጆችን መሳደብ የሚከለክል አዋጅ ማውጣት ያስፈለጋቸው ብረት ሠሪው «ጠይብ»፣ ሸማኔው «ቁጢት በጣሽ» እየተባለ ይዋረድ ስለነበር ነው። ያው ዘመን የማሽን ጨርቅ በደስታ የተቀበለ ዘመን ነው። አቡጀዲ በአሜሪካ ፋብሪካዎች የተሸመነ ጨርቅ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1903 ሮበርት ስኪነር የተባለው የአሜሪካ መልእክተኛ አዲስ አበባ ድረስ መጥቶ ከንጉሠ ነገሥቱ ጋር የንግድ ውል ሲዋዋል፣ አገሩ ለኢትዮጵያ ከምትሸጠው ሁሉ ዋናው ይኸው የጥጥ ጨርቅ ነበር። አቡጀዲ ድንኳን ሆነ፣ መገነዣ ሆነ፣ ሠዓሊዎች ቅዱሳንን ሣሉበት። ማሽን የሸመነው ነው ብሎ በላዩ ላይ ጊዮርጊስን ከመሣል የተቆጠበ ሠዓሊ አልነበረም። ስድቡና የዛሬው ሙገሳ ተቃራኒ ይመስላሉ እንጂ በአንድ ነገር ይስማማሉ፤ ሁለቱም ስለ እጁ ያወራሉ፣ ሁለቱም ስለ ሰውየው ገቢ ዝም ይላሉ። «ወርቅ እጅ አለው» ማለት ገንዘብ አያስወጣም።

ይህን ክርክር ከእኛ ቀድመው፣ ከእኛም በባሰ ስሜት ያካሄዱት አሜሪካውያን ናቸው። ኩዊልት የሚሉት፣ ላይና ታች ጨርቅ ሆኖ መሃሉ ጥጥ ተደርጎበት ሦስቱ አንድ ላይ የሚሰፉበት ብርድ ልብስ አላቸው። ላዩ ብዙ ጊዜ በቁርጥራጭ የሚገጣጠም ስለሆነ፣ እኛ ድሪቶ ብለን የምንንቀውን እነሱ ሙዚየም ውስጥ ሰቅለውታል። እ.ኤ.አ. በ1989 በኬንታኪ ግዛት በፓዱካ ከተማ በሚካሄደው ትልቁ የኩዊልት ውድድር ካሪል ብራየር ፋለርት የተባለች ባለሙያ በማሽን የሰፋችው ሥራ ከፍተኛውን ሽልማት አገኘ። ከዚያ በፊት የማሽን ስፌት ያን ሽልማት አግኝቶ ስለማያውቅ፣ የእጅ መርፌ ወዳጆች ነገሩን እንደ ድፍረት ቆጠሩት። ሦስት ዓመት ሳይሞላ ግን እጅን ብቻ የሚያመልክ ሰው መልስ የማያገኝለት ጉዳይ መጣ። ስሚዝሶኒያን የተባለው የመንግሥት ሙዚየም በስብስቡ ውስጥ ያሉ የጥንት ኩዊልቶች በቻይና ተቀድተው በጥቂት መቶ ዶላር እንዲሸጡ ፈቀደ። ባለሙያዎቹ ፊርማ አሰባስበው ተቃወሙ፤ ተቃውሟቸውም ተገቢ ነበር። ሆኖም ቅጂዎቹ በእጅ የተሰፉ ነበሩ! ከተቀዱት አንዱ ደግሞ ሐሪየት ፓወርስ፣ በጆርጂያ በባርነት የተወለደችው ሴት፣ የመጽሐፍ ቅዱስ ታሪኮችን ያሳየችበትና እ.ኤ.አ. በ1891 ቸግሯት በ5 ዶላር የሸጠችው ሥራ ነው፤ ዋናው ሥራ በእጅም በማሽንም የተሰፋ ነው። ማሽን የገባበት የፓወርስ ሥራ አቻ የሌለው ሆኖ ተገኘ፤ እጅ ብቻ የነካው የፋብሪካ ቅጂ ሐሰተኛ ተባለ። ነገሩን የሚያስቆጣ ያደረገው የመርፌው ዓይነት ሳይሆን፣ የሠሪዎቹ ስም መጥፋቱ፣ የደመወዙ ማነስና የፓወርስ ሥራ ያለ እሷ መሸጡ ነበር። «የእጅ ነው የማሽን?» የሚለው ጥያቄ ከእነዚህ አንዱንም አያወጣም።

ወደ ቤታችን ስንመለስ ነገሩ ይብሳል። የአሜሪካ የሥራ ሚኒስቴር በሕፃናትና በግዳጅ ጉልበት ይመረታሉ ብሎ በሚያወጣው ዝርዝር ውስጥ በኢትዮጵያ ስም የሰፈረ አንድ የጨርቅ ምርት አለ፤ እሱም በእጅ የሚሸመነው ነው። ከጋሞ ደጋ በዘመድ ወይም በደላላ አማካይነት ወደ አዲስ አበባ የሚመጡ ልጆች በሽሮ ሜዳና በአካባቢው ጉድጓድ ውስጥ ተቀምጠው ከጧት እስከ ምሽት እንደሚሸምኑ ለዓመታት ሲነገር ቆይቷል። ይህን የማነሣው ሙያውን ለማጥላላት አይደለም፤ አብዛኛው ሸማኔ የራሱን ልጅ ሊያስተምር የሚደክም ሰው ነው። የማነሣው አንድ ነገር ለማሳየት ነው፤ ያ ልጅ የሠራው ነጠላም «ንጹሕ የእጅ ሥራ» ነው። የአድናቂውን ፈተና ያለ ጭንቅ ያልፋል። እንዲያውም ማሽን ፈጽሞ እንዳይነካ የምንጠይቀው ጨርቅ በርካሽ እንዲሸጥልንም ስንጠይቅ፣ ከዋጋው ላይ ሊቀነስ የሚችለው የሰው ጉልበት ብቻ ይሆናል፤ ከሰው ጉልበት ደግሞ ርካሹ የልጅ ነው።

ታዲያ ሸማኔው ምን ይሻለዋል? በባህላዊው ሽመና ሸማኔው እግሩን ጉድጓድ ውስጥ ከቶ መርገጫውን ይረግጣል፣ መወርወሪያውን በአንድ እጁ ወርውሮ በሌላው ይቀልባል። ጆን ኬይ የተባለ እንግሊዛዊ እ.ኤ.አ. በ1733 ገመድ ሲሳብ ራሱ ወዲያና ወዲህ የሚሮጥ መወርወሪያ ሠራ። ይህ የኤሌክትሪክ ማሽን አይደለም፤ እንጨት፣ ገመድና ሁለት ሳጥን ነው። የሸማኔውን ፍጥነት እጥፍ ያህል አደረገው፣ ከክንዱ ርዝመት የሰፋ ጨርቅም እንዲሸምን አስቻለው። ህንዶች በ20ኛው ምዕተ ዓመት የመጀመሪያ አሥርት ዓመታት ይህን መወርወሪያ በብዛት ተቀበሉ፤ የኢኮኖሚ ታሪክ ጸሐፊው ቲርታንካር ሮይ እንዳሳየው የእጅ ሽመናቸው ፋብሪካዎችን ተቋቁሞ ከቆየባቸው ምክንያቶች አንዱ የመሣሪያው መሻሻል ነው። ዛሬ በዚያ አገር ከ3.5 ሚሊዮን በላይ ሰዎች በእጅ ሽመናና ተያያዥ ሥራዎች ላይ እንዳሉ የራሳቸው ቆጠራ ይናገራል። በእኛም አገር ይህ ዓይነቱ መሸመኛ በአንዳንድ ማኅበራትና ድርጅቶች ዘንድ አለ። ነገር ግን አድናቂው ፎቶ ማንሣት የሚፈልገው ጉድጓዱን ነው። ጉድጓዱ ውስጥ የሚጎብጠው ወገብ የእሱ አይደለማ።

ሁለት ከባድ ተቃውሞዎች ይጠብቁኛል። የመጀመሪያው እንዲህ ይላል፦ «ለማሽን በር ከከፈትክ የቻይና ጨርቅ ጎርፍ ይሆንና ሸማኔው ከነመሸመኛው ይጠፋል።» ስጋቱ ከባድ ነው፣ ጎርፉም እውነት ነው፤ ፖሊስተር ላይ ጥለት ታትሞበት «የሐበሻ ቀሚስ» ተብሎ የሚሸጠው በየሱቁ ተሰቅሏል። ግን በሩን የከፈተው ማን ነው? የታተመው ጨርቅ በራሱ ስም ቢሸጥ፣ ማለትም «ይህ የታተመ ፖሊስተር ነው፣ ለዕለት ይሆናል» ተብሎ፣ ከሸማኔው ገበያ የሚወስደው ትንሽ ነው፤ ሸማ በየፈርጁ ይለበሳል። የሚገድለው «የእጅ ነው» ተብሎ ሲሸጥ ነው። «የእጅ» የሚለው ቃል ምንም የማያረጋግጥ፣ ማንም አፉ ላይ ሊያደርገው የሚችል ቃል ስለሆነ ለአታላዩ ከሁሉ የተመቸ መሸሸጊያ ሆነ። ማሽንን የሚጠላው እምነት በማሽን የሚያታልለውን ነጋዴ እየጠቀመ መሆኑን ልብ ይሏል። ሸማኔው በበኩሉ በተሻለ መሸመኛ ተራውን ጨርቅ በግማሽ ቀን መጨረስ ቢችል ከታተመው ጋር በዋጋ ባይተካከል እንኳ ይቀራረብ ነበር፤ አሁን ግን ሁለቱም መንገድ ተዘግቶበታል፤ በዋጋ አይወዳደርም፣ በስም አይለይም።

ሁለተኛው ተቃውሞ የበለጠ ይከብደኛል፣ አከብረዋለሁም። «እጅ የሚሰጠውን ማሽን አይሰጥም» ይላል። በሁለት ቦታ ፍጹም እውነት ነው። አንደኛው ፈትሉ ነው። በእንዝርት የተፈተለ ማግ ልል ነው፣ ውፍረቱም ወጣ ገባ ይላል፤ አየር ይይዛል፣ ይሞቃል፣ በታጠበ ቁጥር ይለሰልሳል። ጥሩ ጋቢ ውስጥ የሚተኛ ሰው የሚያውቀው ሙቀት የዚህ ልልነት ውጤት ነው። ሁለተኛው ጥበቡ ነው። ሸማኔው የድሩን ክር በጣቱ እየቆጠረ ባለ ቀለሙን ክር ያስገባል፤ ቀለሙ በሚያልቅበት ቦታ ክሩን መልሶ ያዞረዋል፤ ቀጣዩ ረድፍ ምን እንደሚሆን በራሱ ይወስናል። ማሽኑ ብዙውን ጊዜ ክሩን ከዳር እስከ ዳር እየሳበ በጀርባ በኩል ያንሳፍፈውና ይቆርጠዋል፤ የጥበብ ቀሚስን ገልብጦ ማየት ፊቱን ከማየት የሚሻለውም ለዚህ ነው። በእነዚህ በሁለቱ ላይ እጅ ይከበር ብዬ ከማንም ጋር እቆማለሁ። ነገር ግን በመካከላቸው ያለው ሰፊው ነጭ ሜዳ፣ መወርወሪያው አንድ ዓይነት ክር በአንድ ዓይነት መንገድ ሺህ ጊዜ የሚመላለስበት፣ ምንም ውሳኔ የሌለበት ድካም ነው። እዚያ ላይ የሰው እጅ ራሱ ማሽን ሆኗል፤ ልዩነቱ መድከሙ ብቻ ነው። «የእጅ ሥራ» የሚለው ጥቅል ስም ደግሞ ፈትልና ጥበብን ከዚህ ድካም ጋር አንድ ላይ ስለሚያስር፣ የፋብሪካ ክር ለብሶ ጥለቱ ሁለት መስመር ብቻ የሆነው ነጠላ ከእናት ፈትል ጋር በአንድ ስም ይጠራል። ውድ የሆነውን ውድ ያደረገው ነገር ስም አልተሰጠውም።

«ታዲያ መስመሩን የት ልታሰምረው ነው?» ይሉኛል። በስኮትላንድ ምዕራባዊ ደሴቶች ሃሪስ ትዊድ የሚባል የሱፍ ጨርቅ ይሠራል። ባለቤቶቹ ክሩ በእጅ ካልተፈተለ ማኅተም አንሰጥም ይሉ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1934 ግን ደንባቸውን አሻሽለው በደሴቶቹ ፋብሪካ የተፈተለ ክር ፈቀዱ፣ ሽመናው ግን በደሴቲቱ ነዋሪ ቤት ውስጥ በሰው ጉልበት እንዲሆን አጸኑ። ምርቱ በብዙ እጥፍ አደገ። እ.ኤ.አ. በ1993 የብሪታንያ ፓርላማ ይህንኑ በሕግ ደነገገው። ሸማኔው ዛሬ ወንበር ላይ ተቀምጦ እንደ ብስክሌት የሚረገጥ መሸመኛ ይሠራል፤ ኤሌክትሪክ አይነካውም፤ ጨርቁም በዓለም ከታወቁት ውድ ጨርቆች አንዱ ነው። ከዚህ የሚወሰደው ነገር መስመሩ የግድ እዚያው ላይ ይሁን ማለት አይደለም። መስመሩን የሠሪዎቹ ማኅበር ራሱ ተወያይቶ ማስመሩ፣ ጽፎ ማስቀመጡና የጣሰውን መክሰስ መቻሉ ነው። እኛም አገር የንግድ ምልክት አዋጅ ቁጥር 501/1998 ማኅበራት የጋራ ምልክት እንዲያስመዘግቡ ይፈቅዳል፤ ይርጋጨፌና ሐረር የተባሉትን የቡና ስሞቿን በውጭ አገር ምልክት አድርጋ ያስከበረች አገር ናት ይህች። የጋሞ ሸማኔዎች ምልክት ቢኖራቸው ጨርቁ ላይ የሚሰፋው ቁራጭ ጨርቅ እንዲህ ማለት ይችል ነበር፦ ድሩ ከዚህ ፋብሪካ፣ ማጉ የእጅ ፈትል፣ ጥበቡ በጣት የተለቀመ፣ የሸማኔው ስም እከሌ፣ የተከፈለው ይህን ያህል። የመጨረሻው መስመር ነጋዴዎችን እንደሚያስቆጣ አላጣሁትም፤ ለዚህም ነው የጻፍኩት።

አንድ ጋቢ ተዘርግቶ ሲታይ መሃሉን ከላይ እስከ ታች የሚያቋርጥ ስፌት አለው። ሁለት ጠባብ ጨርቆች ጎን ለጎን የተያያዙበት ነው። ቦታውን የወሰነው ውበት አይደለም፣ ሥርዓትም አይደለም፤ መወርወሪያ ወርውሮ የሚቀልብ ሰው ክንዱ የሚያበቃው እዚያ ስለሆነ ነው። ጆን ኬይ ያንን ገመድ ከሳበ ወደ ሦስት መቶ ዓመት ሊሞላ ጥቂት ቀርቶታል። ገዢው ዛሬም ጋቢውን ዘርግቶ በጣቱ ስፌቱን ይዳስሳል፤ ሲያገኘው «አዎ፣ ይሄ የእጅ ነው» ብሎ ዋጋውን ለማስቀነስ መከራከር ይጀምራል።